የሙክቱ ትርጓሜ

በሰው ፊት ተዋርጄ አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ መካነ ሰላም ከተማ አልኖረም ወይ አማርኛ አስተማሪ አልሆነም። እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

እንደ እውነቱ ከሆነ አስተማሪ ሁሉ የየራሱ በሽታ አለበት። የስፖርት አስተማሪያችን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አንገቱን ሲያሟሙቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔ በሽታ ትርጉም ነው። ሰው «ዝናብ መጣ» ሲለኝ የተሰጣ ልብስ በማስገባት ፈንታ፣ ዝናቡ ምንን ይወክል ይሆን እያልሁ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። በዚህ የተነሣ ስንት አንሶላ እንደገና እንደታጠበ ባለቤቴን አስካለን ጠይቋት። እሷ ትነግራችኋለች፤ ሳትጠይቋትም ትነግራችኋለች።

ይህ በሽታ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሙያ ይባላል። ከክፍል ሲወጣ ግን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

የአስካለ አባት መርጌታ ይትባረክ፣ ከከላላ ወዲያ ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አገሬው «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ አገሬው። አማቴ እማማ ብርቄ ባረፉ ጊዜ፣ አስካለ አባቷን ብቻቸውን መተው ስላስፈራት ሄዳ ይዛቸው መጣች። እኔ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። የቅኔ ባሕር ከነማዕበሉ ቤቴ ገባ ብዬ፣ የምጠይቃቸውን ጥያቄ ሳሰናዳ ሰነበትሁ።

ባሕሩ ግን ዝም አለ። የኔታ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሳሉ፣ ጭራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ አጥሩን ያያሉ። ሲጠይቋቸው ይመልሳሉ፤ ካልጠየቋቸው ቃል አይወጣቸውም። ምግብ ሲቀርብላቸው «ደግ ነው፣ ይበቃል» ብለው ቀምሰው ይመልሳሉ። አስካለ የተመለሰውን ትሪ ይዛ ጓዳ ትገባና ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። እኔ ስለ ሰምና ወርቅ አንድ ነገር ሳነሣባቸው፣ «እሱማ አንተም ታውቀው የለ» ብለው ወደ አጥራቸው ይመለሳሉ። በአጥሩ እስክቀና ድረስ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበረንዳው በኩል የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ቀረብ ስል የኔታ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል። ደርሼ እጃቸውን ያዝሁ። እያለቀሱ መስሎኝ ነው። ለካስ የአስካለን ስልክ ከዓይናቸው አርቀው ይዘው እየሳቁ ነበር።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ሰው ሱሪያቸው ውስጥ ትራስ ጠቅጥቀው፣ በርጩማ ላይ የተቀመጡ መስሏቸው የጋለ ገንፎ ላይ ተቀምጠዋል። ከገንፎው ሲዘልሉ ይወድቃሉ፤ ሲነሡ ሱሪያቸው ይወልቃል።

የስንሻው ሥራ ነበር። ስንሻው የወግዲ ልጅ ነው፤ በስልኩ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ የሚለቃቸው አጫጭር ቀልዶች በአገሩ ሁሉ ይታያሉ። በእሱ ፊልም ውስጥ ሰው ሲገባ ይደናቀፋል፣ ሲወጣ ይወድቃል፣ በመካከሉ አህያ ትፈሳለች። ሱሪ ያልወለቀበት ፊልም የለውም። ተማሪዎቼ ስሙን ሲያነሡ ፊቴ ይጠቁራል፤ ስለ ጥበብ ውድቀት የማስተምርበት ክፍለ ጊዜ በሙሉ እሱን ለመስደብ የተመደበ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ችግሬን ተመልከቱልኝ። ስንቱን ሊቅ ያወጡ የቅኔ መምህር ገንፎ ላይ በተቀመጠ ሰው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። የኔታ ተሳስተዋል ማለት ነውር ነው። እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ደግሞ ልማዴ አይደለም። ስለዚህ የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ፊልሙ ጥልቅ ነው።

ከጎናቸው ተቀመጥሁና በትሕትና፣ «የኔታ፣ ያ ገንፎ ምን መሰለዎት?» አልኋቸው።

«ገንፎ ነዋ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ሊቅ ምሥጢሩን መች በዋዛ ያወጣል ብዬ።

ከዚያ በኋላ የስንሻውን ፊልሞች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳንዱን እያስቆምሁ፣ ወደ ኋላ እየመለስሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀስ በቀስ ግን ተገለጠልኝ። የጋለው ገንፎ ሳያስተውሉ የሚቀመጡበት ሥልጣን ሆነ። የሚወልቀው ሱሪ የተውሶ ክብር ሆነ። የአህያይቱ ድምፅ ሰሚ ያጣ የብሶተኛ ጩኸት ሆኖ አገኘሁትና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ተነካ። ይህንን መምህራን ማረፊያ ክፍል ሳብራራ የፊዚክስ አስተማሪው ሻዩን ይዞ ውጭ ወጣ። ጥልቀት የማይከብደው ሰው ጥቂት ነው አልሁ።

ስንሻውን ደውዬ አገኘሁት።

«የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ፊልሞችህ ነበር» ስለው፣

«ይቅርታ ቲቸር፣ የትኛውን ላጥፋ?» አለኝ።

«አድንቄህ ነው» አልሁት።

«ከልብዎ ነው ወይስ ማን ልኮዎት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ቅዳሜ ከሰዓት እንግዳ እንዲሆን ጋበዝሁት። አዲሱን ፊልሙን ሊያሳየን፣ እኔም ትርጓሜውን ልሰጥ ተስማማን። አዲሱ ፊልም ስለ አንድ ሙክት በግ ነው። ሙክቱ የመንደሩን ሰው እህል አንድ በአንድ ይበላል፤ ሊያባርሩት የመጡትን ሁሉ ከኋላ እየዞረ መቀመጫቸውን ይወጋል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ሙክቱ የአቶ ደሳለው ነበር። አቶ ደሳለው የከተማችን እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ እጃቸው የማይሰስት፣ ለስንሻው ፊልም ግቢያቸውንም ሙክታቸውንም ያለ ምንም ክፍያ የሰጡ ሰው። በዚያ ቅዳሜ አዲስ ኮት ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የኔታን ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ሙክቱ ገና ብቅ ሲል አቶ ደሳለው ወደ ቀኝ ዞረው «የኔ ነው» አሉ፤ ወደ ግራ ዞረው «የኔ ነው» አሉ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የኔታም ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህንን አልጽፍም ነበር።

መብራቱ በራ፣ ጠመኔ ይዤ ተነሣሁ።

«ይህ ሙክት ሙክት አይደለም» ብዬ ጀመርሁ።

አቶ ደሳለው ቅር አላቸው። ሙክት ነው እንጂ በሚል ፊት አዩኝ።

«ይህ ሙክት ሌላው ደክሞ ያመረተውን እየሰበሰበ የሚደልብ ነው። ሌላው በከሳ ቁጥር እሱ ይወፍራል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰው ቀስ እያለ አንገቱን ወደ ፊት ወንበር አዞረ። እኔ ጸጥታውን የጥልቀት ምልክት ነው ብዬ ተበረታታሁ።

«ቀንዱን አትመልከቱ፤ ሆዱን ተመልከቱ» አልሁ።

አቶ ደሳለው ወደ ሆዳቸው ተመለከቱ። ኮታቸውን ለመቆለፍ ሞከሩ፤ አልደርስ አላቸው።

«የዚህ ሙክት ባለቤት ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው» አልሁና ለድምቀት ያህል ትንፋሽ ወሰድሁ። «በእያንዳንዳችን ልብ ውስጥ» የሚለው ቀርቶኝ ነበር። ግን አቶ ደሳለው ሲነሡ ወንበራቸው ወደ ኋላ ስለወደቀ ያንን ማንም አልሰማልኝም።

በማግስቱ ከአቶ ደሳለው መልእክት ደረሰኝ፦ «ጠርተው ከሚሰድቡኝ ቤቴ ድረስ መጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ብለዋል። ለስንሻው ደግሞ ሁለተኛ ግቢዬን እንዳትረግጥ የሚል ተላከለት። ልጁ ፊልም የሚሠራበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። እኔ የባሰ የሚናደድብኝ እሱ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ቤቴ ሲመጣ ግን አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

«ቲቸር፣ እኔ እንዲህ መሆኔን አላውቅም ነበር» አለኝ።

«እንዴት?»

«ጥልቅ መሆኔን።»

ስለ አቶ ደሳለው ሳነሣበት፣ ለጥበብ ሲባል የሚከፈል ዋጋ ነው ብሎ እኔኑ አጽናናኝ። ሳምንት ሳይሞላው አዲስ ፊልም ለቀቀ። አንድ ሰው ባዶ ድስት ያያል። ንፋስ ይነፍሳል። ሰውየው አሁንም ድስቱን ያያል። አለቀ። የሚወድቅ የለም፣ የምትፈሳ አህያ የለችም፣ ሱሪው ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

የኔታ በተስፋ ስልኩን ተቀብለው አዩት። ጥቂት ቆይተው ለአስካለ መለሱላትና «ስልክሽ ተበላሸ መሰለኝ» አሉ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሩ። በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም።

አስካለ ያንን ትሪ ይዛ ፊቴ ቆመች። ጮሃ አታውቅም፤ ብትጮህ በተሻለኝ።

«አባዬን የሚያስቀው አንድ ሰው አገኘሁ ስል፣ እሱን ደግሞ አስተማርኸው» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ የሚቀመጥ ባል የለም። ተነሥቼ ሼህ ይማም ዘንድ ሄድሁ። ሼህ ይማም በከተማችን እስላም ክርስቲያኑ ሲጣላ የሚጠራቸው አስታራቂ ናቸው። ሁሉን ነገርኋቸው። ገንፎውንም፣ አህያይቱንም፣ ሙክቱንም። ጺማቸውን እየደባበሱ ሰሙኝና፣ «አብሽር፣ ኸይር ይሆናል» አሉኝ። ከዚያ ግን፣ «አህያይቱ ማን ናት ነው ያልኸኝ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ።

በአቶ ደሳለው በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ሼህ ይማም መካከል፣ የኔታ ከጎናቸው፣ አቶ ደሳለው በአንድ ወገን፣ ስንሻው ከነሻርፑ በሌላ ወገን። እኔ ቆሜያለሁ። ሙክቱ ግቢው ውስጥ ታስሮ ያመሰኳል።

«እስቲ ተናገር። ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ ሼህ ይማም ወደ ሙክቱ እያመለከቱ።

«ሙክት ነው» አልሁ።

«አቶ ደሳለው አይደለም?»

«አይደለም።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም አይደለም።»

«ሰው የሚወጋውስ ስለምንድን ነው?»

«ሙክት ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ንግግር ከየት መጣ?»

«ከእኔ» አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

አሥራ ምናምን ዓመት ሳስተምር አንድም ተማሪ እንዲህ አጥርቶ እንዲመልስ አድርጌ አላውቅም። አቶ ደሳለው በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔስ መቼ ሌላ አልሁ። ሙክት ነው እኮ ነው ያልሁት» አሉና ፊታቸው ፈታ አለ። ተገላገልሁ ስል ስንሻው ተነሣ።

«ቲቸር፣ ትርጉም የለውም ነው የሚሉኝ?»

«አይ፣ አለው፤ ግን…» ስል አቶ ደሳለው ተኮሳተሩ።

«ማለቴ የለውም» ስል ስንሻው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ባይኖረውም አለው» ስል ሼህ ይማም እጃቸውን አንሥተው ዝም በል አሉኝ።

ይህን ጊዜ የኔታ ሳይጠየቁ ተናገሩ። አስካለ ብትሰማ ምን ባለች።

«ልጄ» አሉት ስንሻውን፣ «ያ ገንፎ ላይ የተቀመጠው ሰው ደኅና ነው?»

«ደኅና ናቸው የኔታ። አጎቴ ናቸው።»

«አወዳደቅ ያውቃል። ምነው ተውኸው?»

ስንሻው መሬት መሬት እያየ፣ «ጥልቅ ነህ ሲሉኝ፣ አጎቴ ሲወድቁ መቅረጽ አፈርሁ» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሙክቱም ማመስኳቱን ያቆመ መሰለኝ።

ሼህ ይማም ካሳ ይገባል አሉ። አቶ ደሳለው ካሳ አልፈልግም፣ ስሜ ከጠራ ይበቃኛል አሉ። ስንሻው ሻርፑን ፈታ አድርጎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ሥጋ ሻጭ በሬ የሚያየው እንዲህ ነው።

«እኔ ሌላ አልጠይቅም። ቲቸር ለአንድ ፊልም በሙክቱ ይወጉልኝ» አለ።

አስተማሪ መሆኔን፣ የቤተሰብ ኃላፊ መሆኔን፣ ወገቤንም እንደሚያመኝ አስረዳሁ። አቶ ደሳለው ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ግቢውም ይኸው፣ ሙክቱም ይኸው» አሉ። ሼህ ይማም ፋትሐ አድርገው መርቀው ነገሩን ዘጉት።

ፊልሙ የተሠራው ሌሊቱን ዝናብ በጣለ ማግስት ነው። ግቢው ጭቃ ሆኗል። ከወገቤ የላላ ሱሪ አለበሱኝ፣ ራሴ ላይ አንድ ስልቻ ፉርሽካ ጫኑብኝ። እኔ ስልቻውን ተሸክሜ ሳልፍ ሙክቱ ከኋላ ይወጋኛል፤ ጭቃው ላይ እወድቃለሁ፤ ፉርሽካው ይፈስብኛል። ድርሰቱ ይኸው ነው። የኔታ በርጩማ ቀርቦላቸው በጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

ሙክቱ ግን አልወጋ አለ። አለፍሁ፣ ተመለስሁ፣ እንደገና አለፍሁ። ተከትሎ መጥቶ የሸሚዜን ጫፍ ያኝካል እንጂ አይወጋም። አቶ ደሳለው አፈሩ። «ለማያውቀው ሰው ዓይነ አፋር ነው» አሉ። ስንሻው ስልኩን ደቅኖ ይጠብቃል፣ ላቡ ይወርዳል።

እዚህ ላይ በሽታዬ ተነሣብኝ። ሙክቱ እኔን አልወጋም ማለቱ አንድ ነገር ነው። ይቅርታ ነው። እንዲያውም ከመውጋቱ አለመውጋቱ ይበልጣል። የሚወልቀውን ሱሪዬን ለመያዝ ጎንበስ እንዳልሁ ወደ ስንሻው ዞሬ፣ «ስማኝማ፣ እንዲህ ብታስበው፣ በዳዩ ማን እንደሆነ ሙክቱ እያወቀ…» ስል መጣብኝ።

መምጣቱን አላየሁትም። እግሬ መሬቱን ሲለቅ፣ ስልቻው ከእኔ ቀድሞ ሲሄድ፣ ከዚያ ጭቃው ሲቀበለኝ ብቻ አውቃለሁ። ፉርሽካው ኋላ ደርሶ በላዬ ላይ ተበተነ። ሱሪው የት እንደቀረ እግዜር ይወቀው። በፊቴ ተደፍቼ ትንፋሼ እስኪመለስ ስጠብቅ፣ ከጥላው ሥር ሳቅ ሰማሁ። የየኔታ ሳቅ ሕፃን ልጅ ሲስቅ ይመስል ነበር። ይጀምርና ይቋረጣል፣ ደግሞ ይነሣል።

«ስልኩ ውስጥ ገብቷል ቲቸር፣ ሁሉም ገብቷል» አለ ስንሻው።

ጭቃውን ተፍቼ፣ «ንግግሬም?» አልሁት።

«እሱን እቆርጠዋለሁ።»

ታጥቤ፣ የአቶ ደሳለውን ሰፊ ሱሪ በገመድ አስሬ ከየኔታ ጋር ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። አንድ እግሬን እጎትታለሁ። የኔታ አዩኝና መቋሚያቸውን አቀበሉኝ። አልቀበልም ብል እጄ ላይ ጫኑብኝ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን፣ እኔ እንደ ሽማግሌ ተደግፌ፣ ቀስ እያልን ሄድን።

«ብርቄን ያገባኋት ዕለት» አሉ፣ መንገዱን እያዩ።

አማቴ ካረፉ ጀምሮ የኔታ ስማቸውን ሲጠሩ አልሰማሁም ነበር።

«ሚዜዬ በበቅሎ አፈናጥጧት ወደ አባቴ ቤት ስንወስዳት ወንዝ አለ። ወንዙ አፋፍ ስንደርስ በቅሎይቱ ድንገት ተገትራ ቆመች። ሚዜው ኮርቻውን ያዘ፤ ብርቄ በበቅሎይቱ አንገት ላይ አልፋ ረግረጉ ውስጥ ገባች። ከነሙሽራ ልብሷ። ሰርገኛው ዘፈኑን አቆመ። ገዱ ከፋ አሉ። የሷ ወገኖች ማልቀስ ጀመሩ።»

«አንቱስ?»

«እኔማ ሮጬ ደረስሁ። ሞታ ይሆናል ብዬ። ባያት ፊቷ ጭቃ ብቻ ነው። ዓይኗ ብቻ ይታያል። እየሳቀች ነው። ልትነሣ ትሞክራለች፣ ሳቋ መልሶ ይጥላታል።»

ጭቃው፣ ነጩ ልብስ፣ የቆመችው በቅሎ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። ትርጉሙ ተሰልፎ ሲጠብቅ ይታየኛል። ምላሴን ነክሼ ያዝሁት። ወገቤ ከሚያመኝ ይልቅ ያ አመመኝ።

«ከዚያስ የኔታ?» አልሁ ብቻ።

«ከዚያማ ሰዉ ሁሉ አንሣት፣ አንሣት ይለኛል» አሉ። ትከሻቸው እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። «እኔ ነጭ በነጭ ለብሻለሁ። አየኋትና አጠገቧ ቁጭ አልሁ።»